የእማማ ዘነበች ተረኞች

ሰኞ

ቦታ ተገኘ! ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ አጨበጨብኩ። ስንት ወር ስለምነው የከረምኩት የአረጋውያን ማዕከል አንድ አልጋ አለን አለኝ። ሐሙስ ጠዋት መኪና ይልካሉ። ለእማማ ዘነበች ነው።

እማማ ዘነበች ፈላና በር አጠገብ ከጀጎል ግንብ ውስጥ በአንዲት ክፍል የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ወታደር ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም፤ ዘመድ ቢኖርም አገር ቤት ነው፣ እሱም ይኑር አይኑር አይታወቅም። ክረምት ላይ እርጥብ ድንጋይ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታሉ ጠግኖ አስወጣቸው፤ ግን ሰው ካላነሳቸው ከአልጋ አይወርዱም። እስከ ዛሬ ያኖራቸው ጎረቤት ነው።

በሩጫ ሄጄ ነገርኳቸው። ማዕከሉ ንጹሕ እንደሆነ፣ ነርስ እንዳለው፣ ግቢው አበባ እንዳለው ሁሉ አወራሁ።

«እሺ ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደስታ ነው ብዬ ወሰድኩት።

የግቢው ባለቤት ሾርባ ይዘው ገቡ። ስማቸው ፋጡማ ነው፤ ሰፈሩ ግን «አባይ ፋጡማ» ይላቸዋል፣ በሐረሪ ታላቅ እህት እንደማለት። ለእሳቸውም ነገርኳቸው።

«እዚያ የሚያውቃት ሰው አለ?»

«ባለሙያዎች አሉ አባይ፣ በደንብ ይንከባከቧቸዋል።»

«የሚያውቃት ሰው ነው ያልኩሽ» አሉኝ። ሾርባውን አስቀምጠው ወጡ። ቅር ብሎኝ ተመለስኩ።

ከሰዓት ደግሞ ስብሰባ። ኃላፊያችን አቶ ጀማል ከሥልጠና ተመልሰዋል። የማኅበራዊ ሥራ አቅጣጫ ተቀይሯል አሉን። ከእንግዲህ ሰውን ከሰፈሩ ነቅሎ ወደ ማዕከል መላክ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ መጀመሪያ ሰፈሩ ራሱ እንዲይዘው ማገዝ ነው። በልቤ ሳቅሁ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ሐረር ስመጣ ሥራዬ ዱቄትና ዘይት ማከፋፈል ነበር። ቀጥሎ ዶሮና የልብስ ስፌት መኪና መስጠት ሆነ። ቀጥሎ ሥልጠና፣ ሥልጠና፣ ሥልጠና። አሁን ደግሞ ሰፈር። ሰፈሩ እማማ ዘነበችን ያጥባል? ያነሳል?

እንዲህ ብዬ ጠየቅኩ። አቶ ጀማል፦ «አላውቅም። ጉዳዩን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ወስኚ» አሉኝ።

ወስኛለሁ እኮ። ሐሙስ ይሄዳሉ።

ማክሰኞ

አልወሰንኩም።

ጠዋት ዕቃቸውን ላስተካክል ስሄድ አባይ ፋጡማ ከበሩ ላይ አስቆሙኝ። «ትናንት አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።» ሾርባው እንዳለ አልጋው ሥር ተቀምጧል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ያልጠየቅኳቸውን ጠየቅኩ።

«እማማ፣ መሄድ ይፈልጋሉ?»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ፋጡማ ወገቧን ታማለች። እኔን ስታነሳ ነው የታመመችው። ማታ ስታቃስት በግድግዳው ይሰማኛል። ለእኔ አትነግረኝም። እንግዲህ እኔ እዚህ ተኝቼ እሷን አልጋ ላይ ላውላት ነው? ልሂድ።»

«ሸክም ባይሆኑባቸውስ?»

«ባልሆንማ» አሉና እንደ ልጅ አፈጠጡብኝ፣ «ባልሆንማ ከዚህ ግቢ ምን ያወጣኛል!»

መንገድ ላይ እያሰብኩ ሄድኩ። ማን ያነሳቸዋል? ማን ያጥባቸዋል? ምሳ ማን ይሠራል? መድኃኒቱን ማን ያስታውሳል? አባይ ፋጡማ ብቻቸውን አይችሉም፤ ልጃቸው ሐሊማ ሱቅ ትውላለች።

አቶ ጀማል ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ሰፈሩ ውስጥ ምን ማኅበር አለ?» አሉኝ።

«የክርስቲያኖቹ እድር አለ። የሐረሪ ሴቶቹ አፎቻ አለ።»

«ታዲያ?»

«ሁለቱም የቀብር ናቸው እኮ!»

«አፎቻው የሰርግም ነው» አሉና ሳቁ። «ሄደሽ ጠይቂያቸው። ከከለከሉሽ ሐሙስ መኪናው አለልሽ።»

እውነታቸውን ነው። የሚጎዳ ነገር የለውም።

ረቡዕ

ምን ዓይነት ቀን ነው! እግሬ ነዷል። ግን ደስ ብሎኛል። ትንሽ ፈርቻለሁም።

መጀመሪያ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ግርማ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ጋዜጣ ያነቡ ነበር።

«እማማ ዘነበች? የቆዩ አባላችን ናቸው። በእሳቸው አታስቢ። ያረፉ ዕለት ድንኳኑ ይተከላል፣ በክብር እንቀብራቸዋለን።»

«ጋሽ ግርማ፣ በሕይወት አሉ።»

«ነው እንጂ። ደንባችን ግን የሚያወራው ስለ ቀብር ነው።»

«ስለዚህ እስኪሞቱ እንጠብቅ?» ድምፄ ከፍ ማለቱን የሰማሁት እኔው ነኝ። ደነገጥኩ። እሳቸው አልተቆጡም። ጋዜጣውን አጣጠፉት። «እኔ ብቻዬን ቃል ልገባልሽ አልችልም ነው ያልኩሽ። አባላቱን ላናግር።» ተናድጄ ወጣሁ።

ከሰዓት አፎቻው። ሴቶቹ ለአንድ ሰርግ ዝግጅት ጀጎል ውስጥ አንድ ቤት ተሰብስበው ነበር። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የሐረሪ ቤት ሳሎን ከፍና ዝቅ ያለ መደብ አለው፤ ታላላቆቹ ከላይኛው ላይ ተደርድረዋል፣ እኔ ከታችኛው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አልኩ። ቀይና ብርቱካን ልብስ፣ የሳቅ ድምፅ፣ የሰሃን ኳኳታ። የእማማ ዘነበችን ጉዳይ ነገርኳቸው።

ሰብሳቢዋ በጥሞና ሰምተው፦ «ልጄ፣ እኛ ለሰርግና ለለቅሶ ነን። የታመመ ሰው እንጠይቃለን፣ ምግብ እንወስዳለን። ተራ ገብተን ግን ሰው አስታመን አናውቅም» አሉ።

አንዷ ደግሞ፦ «ክርስቲያን ናቸው። ያረድነውን አይበሉም። ምን እናበላቸዋለን?»

አባይ ፋጡማ ከላይኛው መደብ ላይ ነበሩ። «ሽሮ ሃይማኖት አለው እንዴ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ሐሊማን ስወልድ ባሌ ድሬዳዋ ነበር። ምጡ ሲጠናብኝ ደግፋ፣ መኪና ለምና ሆስፒታል ያደረሰችኝ ዘነበች ናት። የእናንተ ቤት ለቅሶ ላይ ውኃ ያልቀዳችለት ማን አለ? ነገ መኪና መጥቶ ሲወስዳት ቆማችሁ ታያላችሁ? እኔ ወላሂ አላይም። በሬን ዘግቼ ነው የምቀመጠው።»

አንዲት አሮጊት በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሰብሳቢዋ ዙሪያውን ቃኙ። «እኛ አሮጊቶቹ ወገብ የለንም። ወገብ ያላት ማን ናት?»

ከታች በኩል፣ ከበሩ አጠገብ፣ ወጣቶቹ እጃቸውን አወጡ። ሐሊማ የመጀመሪያዋ ነበረች። እየተንጫጩ ቀን ተከፋፈሉ። እኔ የተናገርኩት ነገር የለም፤ ማን ምን እንደሚሠራ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

«እንሞክረው» አሉ ሰብሳቢዋ። «አላህ ካለ ይሆናል።»

ወደ ቤት ስመለስ ጋሽ ግርማ ደወሉ። እድሩ እሑድ ይሰበሰባል፤ እስከዚያ ጉዳዩን ለሰው ያነሳሉ። ተቆጥቼ ስለነበር ይቅርታ ጠየቅኩ። «የተቆጣ ተማሪ ይመቸኛል» አሉኝ።

ሐሙስ

መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

ጠዋት እማማ ላይመጡ ይችላሉ ብዬ ስደውል ማዕከሉ፦ «እርግጠኛ ነሽ? ብዙ ሰው ነው ተራ የሚጠብቀው፤ አልጋውን ለሌላ ነው የምንሰጠው» አለኝ። እርግጠኛ አልነበርኩም። ሴቶቹ ቢሰለቹስ? ሰርጉ ቢበዛስ? ለእማማ ዘነበች ያለኝን ብቸኛ አስተማማኝ ነገር ልጥል ነው።

ሾፌሩ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። አባይ ፋጡማ፣ ሐሊማና ጥቂት ሴቶች ክፍሉ ውስጥ ቆመዋል። ሁሉም እየሰማ ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ መኪናው መጥቷል። እነዚህ ሴቶች ደግሞ ተራ ገብተው ሊያግዙዎት ተስማምተዋል። የእርስዎ ፍላጎት የቱ ነው?»

በክርናቸው ተደግፈው ቀና ለማለት ሞከሩ።

«ሁለት ነገር አለኝ። ፋጡማ ከእንግዲህ አታነሳኝም። ጣቷን ብታሳርፍብኝ እሄዳለሁ።»

«እሺ» አሉ አባይ ፋጡማ።

«ደግሞ ባዶ እጄን አልቀመጥም። እየበላሁ ጣራ ሳይ ልውል ነው?»

ሐሊማ ሳቅ አለች። በሱቋ ለውዝ ትሸጣለች፤ ከባቢሌ ከነቅርፊቱ የሚመጣውን መፈልፈል ጊዜዋን ይበላባታል። «እማማ፣ ለውዝ ይፈለፍሉልኛል?»

«እጄ አልተሰበረም!»

ወጥቼ ለሾፌሩ ነገርኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ «ሌላ ጊዜ ሰው ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ» ብሎ ነዳ። ትክክል ነው።

ከሰዓት ከሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን ለምኜ አመጣኋት። ወገብ ሳይጎዳ ሰው እንዴት እንደሚነሳ አሳየች፤ ነጠላ አጥፋ የእማማን ወገብ አስራ፣ ጉልበቷን አጥፋ። ወጣቶቹ ተራ በተራ ሞከሩ። አንዷ እኔን ታማሚ አድርጋ አነሳችኝና ሁለታችንም ወደቅን። እማማ ዘነበች ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። የፊት ጥርሳቸው አንዱ ወርቅ ነው ለካ።

ባለሙያዋ ስትወጣ በጆሮዬ፦ «በየቀኑ ካቆሟቸው ይራመዳሉ፤ ከተዉአቸው ግን ይደርቃሉ» አለችኝ።

ዓርብ

እንዳይሆን የፈራሁት ሆነ።

ቢሮ ስብሰባ ስለነበር ፈላና በር የደረስኩት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ግቢው ጭር ብሏል። የአባይ ፋጡማ በር ተቆልፏል። የእማማ ዘነበች ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ፍራሹ ርሷል። ለውዙ መሬት ላይ ተበትኗል። እሳቸው ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው።

«ተጣርቼ ነበር» አሉ። «ሰው አልነበረም።»

ከጠዋት ጀምሮ ብቻቸውን ናቸው። ውኃ እንኳ አልጠጡም። አጠጣኋቸው፣ አጠብኳቸው፣ ልብስ ቀየርኩላቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ እንዳያዩኝ ከኋላቸው ሆንኩ። ትናንት ባዶውን የሄደውን መኪና ነበር የማስበው። ነርስ ያለበት ቤት ከልክዬ እዚህ አስቀረኋቸው።

አባይ ፋጡማ ጥቁር ሻሽ አድርገው መጡ። ፍራሹን ደጅ ወጥቶ ሲያዩት ጭናቸውን መቱ። «ሱብሐነላህ! ምነው!»

ለካ ጠዋት ከአፎቻው የአንዷ ወንድም ሞቶ ሁሉም ለቅሶ ሄደዋል። ተረኛዋ፣ ሐሊማ ትቀራለች ብላ ሄደች፤ ሐሊማ ደግሞ ተረኛዋ አለች ብላ። ተከትላ የመጣችው ሐሊማ ነገሩን ስትሰማ የእማማ እግር ሥር ተንበርክካ አለቀሰች።

ልቆጣ አፌን ስከፍት እማማ ዘነበች ቀደሙኝ። «ተነሺ አንቺ። ለቅሶ አይደል የሄዳችሁት? ለቅሶማ ይኬዳል። እኔስ ብችል እቀር ነበር?»

እሳቸው ይቅር ቢሉም እኔ አልቻልኩም። እነሱን አይደለም፤ ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ቸኩዬ ለእነሱ የተውኩትን ራሴን ነው። ሰው ለሰው ማሰቡ ብቻውን አይበቃም። በቅጡ የተጋጠመ ተራ ይፈልጋል።

ቅዳሜ

የዕረፍት ቀኔ ነበር። ጋሽ ግርማንና የአፎቻውን ሰብሳቢ ወደ አባይ ፋጡማ ግቢ እንዲመጡልኝ ለመንኩ። ሁለቱም መጡ፤ እያንዳንዳቸው ሰው አስከትለው። ለስንት ዘመን አንድ ሰፈር ኖረው ለሐዘን ድንኳን ለድንኳን ይሄዳሉ እንጂ ለአንድ ጉዳይ አብረው ተቀምጠው አያውቁም አሉኝ።

ያዘጋጀሁት ቁጣ ነበር። ሌሊቱን ስሰድረው አድሬያለሁ። ሲደርስ ግን ትናንት የሆነውን ብቻ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ሰብሳቢዋ አንገታቸውን ደፉ። «ጥፋቱ የእኛ ነው። ለቅሶ ሲመጣ ግን መቅረት አንችልም። አፎቻችን የቆመው በእሱ ነው።»

«እኛም እንደዚያው ነን» አሉ ጋሽ ግርማ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና እንደ መምህር ጣታቸውን አነሱ። «ቆይ። እናንተ ለቅሶ ስትወጡ እኮ እኛ ቤት ነን።»

ሰብሳቢዋ ቀና አሉ። «እናንተ በዓል ስትውሉ እኛ እዚሁ ነን።»

«ዓርብ ጁምዓ ስትሄዱ...»

«እሑድ ቅዳሴ ስትሄዱ...»

ተያዩና ሳቁ። ሁለቱ ማኅበራት አንድ ላይ ከያዟቸው ሰው የማይኖርበት ቀን የለም። ሥልጠና ላይ ማንም አልነገረኝም፤ አቶ ጀማልም አያውቁትም።

ወዲያው ክርክር። ከእድሩ በኩል የመጣች ብርቱካን የምትባል ሴት፦ «ጾም የሌለ ቀን ሥጋውን እኛ እናመጣለን» አለች። አባይ ፋጡማ፦ «ድስቱ ግን ይለይ!» ብርቱካን፦ «ኧረ ድስቱንም ይዤ ነው የምመጣው!» ከዚያ አንድ ነገር ላይ ሁሉም ተስማሙ። የሚቀጥለው ተረኛ ደፍ ሳይረግጥ ያለው ተረኛ አይወጣም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ፣ አሉ ሰብሳቢዋ። ቢቃጠልማ እማማን ይዘሽ ውጪ፣ አሉ ጋሽ ግርማ።

እማማ ዘነበች በተከፈተው በር ሁሉንም ይሰሙ ነበር። «እኔን ሳትጠይቁ?» ብለው ጮኹ።

ደንግጠን ሁላችንም ገባን። ጠየቅናቸው። «ይሁን» አሉ። «ብርቱካን ግን ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች።»

እሑድ

ጋሽ ግርማ ከእድሩ ስብሰባ ወጥተው ደወሉልኝ። አንድ ሽማግሌ፦ «እድሩ ለቁም ሰው ከሆነ ስንሞት ማን ይቀብረናል?» ብለው ተነሥተው ነበር። ብርቱካን፦ «እስክንሞትስ ማን ያኖረናል?» አለቻቸው። ብዙ ተጯጯሁ። በመጨረሻ ለሙከራ ተፈቀደ። በደንቡ ላይ በሚገባው ዓረፍተ ነገር ግን ገና አልተስማሙም፤ ጋሽ ግርማ ሰዋስው ያስተካክሉ ተብለዋል።

ሐኪም ጋራ በሚባለው ኮረብታ ላይ ባለው ቤቴ ልብስ አጠብኩ። በረንዳ ላይ ሆኜ ከተማውን አየሁ። የቀረውን ቀን ተኛሁ ማለት ይቻላል።

ማክሰኞ

ትናንት አልጻፍኩም። ሥራ በዛብኝ። አቶ ጀማል የፈላና በሩን ነገር ለሌሎች ወረዳዎች በስላይድ አቅርቢ አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ገና አንድ ዓርብ እንኳ በሰላም አላለፈም።

ከሶፊ ገጠር አንድ ገበሬ መጣ። አባቱ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ማዕከል ካለ ብሎ ነው። ቅጽ ልሰጠው እጄን ሰደድኩና መለስኩት። «አባትህ ምን ይላሉ?» አልኩት። «አልጠየቅኩትም» አለ፤ አፈረ። አይዞህ፣ አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንሄዳለን። የሶፊ ሰው በእርሻና በጫት ሥራ ይውላል፤ የጀጎሉ መንገድ እዚያ አይሠራ ይሆናል። ሄጄ አያለሁ።

ቅዳሜ

ዓርብ አለፈ። ሴቶቹ ጁምዓ ሲሄዱ ብርቱካን ነበረች።

ዛሬ ረፋድ ላይ ተራው እንዴት እንደሆነ ልጠይቅ ጎራ አልኩ። ግቢው በሴት ተሞልቷል። እማማ ዘነበች ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ክው አልኩ። በሐሊማና በብርቱካን ተደግፈው ከአልጋቸው እስከ በሩ በእግራቸው ነው የመጡት። ማንም አልደወለልኝም። ለምን ይደውሉልኝ?

ክርክሩ ስለ ሌላ ነገር ነበር። የአፎቻው ሰርግ የፊታችን ሳምንት ነው። ሴቶቹ በባጃጅ እንውሰድዎት ይላሉ። እሳቸው በዚህ እግር ከሰው ፊት አልወጣም ይላሉ። አባይ ፋጡማ፦ «ልትጨፍሪ አይደለም፣ ተቀምጠሽ ልታሚ ነው!» አሉ። ብርቱካን ምን ዓይነት ቀሚስ እንደሚሻል ትከራከራለች። ሐሊማ ባጃጁ ውስጥ እግራቸው እንዴት እንደሚዘረጋ በእጇ ታሳያለች። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሁለቴ አፌን ከፈትኩ። የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ክረምት ሲገባ ይህ ነገር ይቆይ አይቆይ አላውቅም። ሰው ይሰለቻል፣ ሰው ይጣላል፣ እድሩም ገና ሙከራ ላይ ነው።

«ደህና ዋሉ» አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም፤ ደስ አለኝ። በጠባቡ መንገድ ወደ በሩ ስወርድ የእማማ ዘነበች ድምፅ ከኋላዬ ይሰማኛል፤ ቀዩን ሻሽ አምጡልኝ፣ የለም እሱን አይደለም፣ ደማቁን!